ክቡር ቮልቴጅ

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አንድ የማይገዛ ደንበኛ ተመድቦለታል። ይህ ሰው ስለ ዕቃው ከባለሱቁ በላይ ያውቃል፤ ችግሩ፣ የሚፈልገው ዕቃ ሱቁ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ከድልድዩ አጠገብ ላለው ጠባብ ሱቅ የደረሱት ክቡር ቮልቴጅ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ባለሱቁ ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ፣ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበሩ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ይመጡና ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ስለ ማዘርቦርድ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ያቺኑ ጥያቄ ያነሳሉ፦ "ቮልቴጁ በሶፍትዌር የሚስተካከል ማዘርቦርድ አልመጣም?"

"በዚህ ይቻላል፣ ጋሼ" ይላል ባለሱቁ፣ አንዱን ካርቶን እየገፋላቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው መመሪያውን በቁማቸው ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። "ይሄማ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብቻ ነው የሚያስነካህ። እኔ የምፈልገው እየሠራሁ፣ ሳላጠፋው፣ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በፕሮግራም ከፍ ዝቅ የማደርግበትን ነው።" ካርቶኑን አስተካክለው ዘግተው ይሄዳሉ።

ይህስ ባልከፋ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ማዘርቦርድ መርጦ እጁን ኪሱ ከከተተ በኋላ፣ ክቡርነታቸው ከጎኑ ቆመው በሐዘኔታ "ይሄ ቮልቴጁን ቆልፎታል" አሉት። ወጣቱ ቮልቴጅ ሲቆለፍ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ግን ፈራና ትቶት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁ ከሩቅ ሲያያቸው መብራት አጥፍቶ የሚዘጋ መምሰል ጀመረ። እሳቸው ግን ጨለማው ውስጥም ገብተው ይጠይቃሉ።

አንድ ዝናባማ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። "ለመሆኑ ይሄ ነገር ምን ያደርግልዎታል?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። "እናቴ ናት" አሉ። "የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ መሐላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ሕመሟ እንቅልፍ ከልክሏት፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ሸለብ የሚያደርጋት። እኔ ስሠራ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ትነቃለች። ባጠፋው የጠዋቱ ሥራ ይበላሻል። ቮልቴጁን ዝቅ ባደርግለት ግን ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ስትነቃ እመልሰዋለሁ።"

ባለሱቁ ስድስት ወር ሙሉ "የለም" ሲላቸው አንድም ቀን መደርደሪያውን አልፈተሸም። በማግስቱ የአሮጌ ዕቃውን ክምር ማራገፍ ጀመረ። የፕሮሰሰራቸውን ዓይነት ከመስማት ብዛት በቃሉ ያውቀዋል። በአራተኛው ቀን ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ማዘርቦርድ አገኘ። ገጣጥሞ ሞከረው፤ ቮልቴጁ በፕሮግራሙ ወረደ፣ ወጣም። ዕቃው ሱቁ ውስጥ ከተቀመጠ ዓመት አልፎታል።

ክቡር ቮልቴጅ ግን ቀሩ። ሦስት ሳምንት ጠበቃቸው። በመጨረሻ ሥራ የሚሰጣቸውን ፎቶ ቤት ጠይቆ ቤታቸው ሄደ። መጋረጃው ተሰብስቦ ታስሯል። ከኋላው ያለው አልጋ ፍራሽ የለውም።

"አሥራ ሰባት ቀኗ" አሉት።

"እግዜር ያጥናዎት" አለና የያዘውን ካርቶን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ። አይተውበታል።

"ይስተካከላል?"

"ይስተካከላል፣ ጋሼ።"

"አምጣው።"

ሁለቱም አጎንብሰው ገጠሙት። ክቡር ቮልቴጅ የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ ከፍተው ሥራውን አስጀመሩት፤ የፋኑ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍተው ቮልቴጁን ትንሽ በትንሽ ዝቅ አደረጉት። ጩኸቱ ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ።

"እንዲህ ነበር ያሰብኩላት" አሉ፣ ወደ አልጋው ሳያዩ። ቆየት ብለው እጃቸውን ወደ ማውሱ ሰደዱ። "ቮልቴጁን ብመልሰው ይሻላል። ዝምታው ከበደኝ።"

ባለሱቁ መሄድ ነበረበት፤ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው።

"ይመልሱት" አለና ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። "የቀረውን ሠርግ አብረን እንየው።"