የአማሳይዋ መሻር

ሥርዓት የመልካም ኩባንያ መሠረት መሆኗን በሺንቹ ከተማ የማያውቅ የለም። ዳይሬክተር ፋን እስኪሾሙ ድረስ ግን የሚገባትን ክብር ያገኘች አይመስለኝም። የቤተ ሙከራውን በር ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠብቅ ብዙ ዳይሬክተር ገብቶ ሲወጣ አይቻለሁ። በገቡ በሦስተኛው ቀን የሠራተኛው ጫማ በቁጥሩ ልክ ከትንሹ ወደ ትልቁ እንዲደረደር ያዘዙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ኩባንያችን ኮምፒውተሮች በሽቦ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ቺፕ ይሠራል። ዳይሬክተሩ በሰባተኛው ቀን የቺፑን ንድፍ ግድግዳ ላይ አዩና አንዷን ሳጥን በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አማሳይ ናት፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለች ወይዘሮ ፔንግ ዩ-ላን። ሳጥኗን የነደፈችው እሷ ናት፤ ለጡረታዋ አራት ዓመት ቀርቷታል። «የሚላከውን ዜሮና አንድ ታማስለዋለች።»

«የደንበኛችንን ቃል እናማስላለን?»

«በዚያኛው ጫፍ ያለው ቺፕ መልሶ ያቃናዋል። ቀመሩ ሁለቱም ዘንድ አለ።»

«ሊቃና ከሆነ ለምን ይማሰላል?»

«ዜሮ ብቻ ሲደጋገም ሽቦው ጸጥ ይላል። ተቀባዩ የሚቆጥረው ለውጥ እያየ ስለሆነ ስንት ዜሮ እንዳለፈ ይጠፋዋል። ከተማሰለ ግን ለውጥ አይጠፋም።»

«መቁጠር ካቃተው የራሱ ስንፍና ነው። ይቺኛዋስ?»

«አራት አራቱን በአምስት የምትተካዋ ናት። እሷም ለዚያው ነች፤ ዜሮ እንዳይበዛ።»

«ለአራት ሰው አምስት ወንበር» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ወደ ተከተሏቸው ሰዎች ዞረው። ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ ማስታወሻ ያዘ።

በማግሥቱ ደብዳቤ ወጣ። «የደንበኞቻችንን መልእክት ከትርምስና ከትርፍ ለማጽዳት በተያዘው አቅጣጫ መሠረት» አማሳይዋም አራቱን በአምስት የምትተካዋም ተሻሩ። ትርፍን የሚያወግዘው ደብዳቤ ስድስት ገጽ ነበር።

የሙከራው ቺፕ ሲደርስ መጀመሪያ የተላከበት የዳይሬክተሩ ንግግር ነው። ምንም ሳይጎድል በዚያኛው ጫፍ ደረሰ፤ ተጨበጨበ። ንግግሩ ምንም የማይለው በተለያየ ፊደል ስለነበር ተቀባዩ ለመቁጠር አልተቸገረም።

ቀጥሎ ከኦሳካ የመጡት ደንበኛ ሚስተር ኦካኖ ተራቸው ሆነ። እሳቸው ለሆስፒታል የራጅ መሣሪያ ይሠራሉ። የአንድ ሰው እጅ ራጅ ላኩ። በራጅ ላይ በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩም ሁሉ ዜሮ። ሁለት ጣት ደረሰና ሽቦው ተቋረጠ።

«የቀረው እጅ የት አለ?» አሉ ሚስተር ኦካኖ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

በእኛ ዘንድ በየማሽኑ ላይ አረንጓዴ የበቆሎ መክሰስ ከረጢት ይቀመጣል፤ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን ነው። ቀለሙ ከአረንጓዴ ውጭ መሆን የለበትም፤ የአገልግሎት ጊዜውም ማለፍ የለበትም። እኔም በበሩ ደወል ላይ አንድ አለኝ፤ ደወሉ ይሠራል። ኮሚቴው ንድፉን ሳይገልጥ በሙከራው ማሽን ላይ ያለውን ከረጢት ገለበጠ። ጊዜው ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። የብልሽቱ መንስኤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የወይዘሮ ፔንግ ፊርማ ብቻ ቀረ።

«ፈርሚ፣ እህቴ» አላት የጥራት ኃላፊው ዦንግ፣ እኔ ካለሁበት በር ላይ ቆሞ። «አራት ዓመት ነው የቀረሽ።»

«ከፈረምኩ ቺፑ ሆስፒታል ይገባል።»

«ይግባ። ከረጢቱን እንቀይራለን።»

«ሐኪሙ ሁለት ጣት እያየ ምን ሊያክም ነው?»

«እኛ ሐኪም ነን እንዴ? ደግሞ ካልፈረምሽ አንቺን ነው የሚያባርሩት።»

«ያባርሩኝ።»

አልፈረመችም። በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ «አማሳይዋ ስለተነሳች ሽቦው ተቋረጠ» ብላ ጻፈችና ሰጠችው።

ወረቀቱ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ዦንግ «ከአማሳይዋ መነሳት ጋር ተያይዞ በሽቦው ላይ ዕረፍት ታይቷል» አለው። የዕቅድ ክፍል «በአማሳይዋ ላይ የተወሰደው እርምጃ ሽቦውን አሳርፏል» አለው። ዳይሬክተሩ አሳጠሩት፦ «ሽቦው እፎይ ብሏል። ከረጢቱ ይታደሳል። ከረጢት ያልጠበቀችው ወይዘሮ ፔንግ ትሰናበት።»

የሰማንያ አንድ ዓመቱ ሊቀመንበር ሽዬ አንድ ጊዜ አነበቡት። እንዲህ ያለ ሪፖርት በወጣትነታቸው ሃያ ዓመት ጽፈዋል፤ ቀመሩን ያውቁታል። ሚስተር ኦካኖን በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከላኩት ስንቱ እንደደረሰ። «ሁለት ጣት» አሏቸው። ከዚያ በዚያው ቋንቋ መልስ ጻፉ።

«ዳይሬክተር ፋን በሥርዓት ረገድ ያስመዘገቡት ውጤት ለአንድ ሕንፃ ከሚበቃው በላይ ስለሆነ፣ በኪንሜን ደሴት ያለውን መጋዘን በሙሉ ሥልጣን እንዲመሩ ተመርጠዋል። ወይዘሮ ፔንግ ለጥፋቷ ቅጣት ወደ ዳይሬክተሩ ክፍል ተዛውራ የሕንፃውን ከረጢቶችና ንድፎች በሙሉ በኃላፊነት ትጠብቅ።»

ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሁሉ የሩዝ ፓስታ ጋበዙ። ደብዳቤውን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡልን።

«ሙሉ ሥልጣን ይላል» አሉ። «አያችሁ፣ አንድም የተማሰለ ቃል የለበትም። ለአንቺም አዝኛለሁ፣ ወይዘሮ ፔንግ። ቅጣቱ ከበደ።»

«እችለዋለሁ፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት አማሳይዋን መለሰቻት።

ኪንሜንን አውቃታለሁ፤ ወታደር ሆኜ ሁለት ዓመት አገልግዬባታለሁ። መጋዘኑ ለሥርዓት እጅግ የተመቸ ነው። ሠራተኛ የለበትም።