ቅዳሜ ወደ ግራ፣ እሁድ ወደ ቀኝ የሚዞረው ዲሽ

እስቲ ልጠይቃችሁ። የምትወዱትን ዘፈን ሳይሰለቻችሁ ስንት ጊዜ መስማት ትችላላችሁ? እኔ አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰማኋቸው፤ አንድ ቀን አልሰለቹኝም። የሰለቻቸው ቤተሰቦቼ ናቸው።

ወደ ኦስሎ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ አንዲት ካሴት ነበረች። ቴፑ ሲሞት ወደ ሲዲ አስገለበጥኳት። ሲዲው ሲቧጨር ወደ ስልክ ገባች። ዘፈኖቹ ግን ያው አሥራ አንድ ናቸው። ልጄ ሶስና ጥርስ ያበቀለችው፣ ማንበብ የተማረችው፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በነዚሁ ዘፈኖች ነው። ተማሪ ሳለች ግሩነርሎካ አንድ ካፌ ውስጥ ትሠራ ነበርና፣ ማታ ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «አባዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ምንም ነገር እንዳትከፍት» ትለኝ ነበር። ቅር ይለኛል። ዘፈኖቼ ምን በደሏት? እያልኩ እዘጋለሁ።

ታዲያ ኦስሎ ውስጥ ኤፍ ኤም ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ አዲስ ራዲዮ ግዛ በተባለበት ጊዜ፣ በረዶው ሲገባ፣ ሶስና አመሩድ ሰፈር ካለው ቤታችን ድረስ መጣች። ነሐሴ ላይ ልታገባ ነው። ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ሠርጉ ላይ አንድ ሥራ ልትሰጠኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔና እሷ ብቻ የምንደንስበት አንድ ዘፈን አለ፤ እሱን የምመርጠው እኔ ነኝ።

«ግን አባዬ፣ ከአሥራ አንዱ እንዳይሆን። ሰምቼው የማላውቀው ይሁን።»

«ያ፣ ያ» አልኳት። እኛ እዚህ አገር ከኖርን በኋላ «አዎ» ማለት ትተናል።

«ካላገኘህም አትጨነቅ፤ ዲጄው ይመርጥልናል።»

ዲጄው! ልጄን ሃያ አምስት ዓመት አሳድጌ፣ የማላውቀው ጎረምሳ በመረጠው ዘፈን ልደንስ? ይህቺ አንዲት ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። እሷ ለማጽናናት ነው ያለችው። እኔ ግን «አባዬ አዲስ ነገር ማግኘት አይችልም» ያለችኝ ያህል ተሰማኝ። የከፋው ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የስልኩን የሙዚቃ አፕ ሞከርኩ። ሶስና ራሷ አስገባችልኝና፣ ስልኩ የምወደውን እያጠና አዲስ ነገር ያቀርብልኛል አለች። እንዲያጠናኝ ብዬ ከአሥራ አንዱ አንዱን ከፈትኩለት። በማግሥቱ ምን ቢያቀርብልኝ ጥሩ ነው? የቀሩትን አሥሩን! ይሄማ እኔው ነኝ። አዲሱ ራዲዮም ቢሆን ዜና፣ የአየር ሁኔታና የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ነው። ስለዚህ የቀረኝ ሰማይ ነበር። በረንዳችን ላይ ለቴሌቪዥን የተከልነው ዲሽ አለ፤ በሱ የሳተላይት ራዲዮም ይገባል። ጥያቄው የትኛውን ልምረጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሠራሁት። ሰው አማከርኩ።

አንደኛው አማካሪዬ ጋሽ ታደሰ ናቸው። እኔ ኦስሎ በገባሁበት ቀን ባቡር ጣቢያ መጥተው የተቀበሉኝ፣ በሸሚዝ ስንቀጠቀጥ አይተው የገዛ ካፖርታቸውን አውልቀው ያለበሱኝ ሰው ናቸው። ያንን ካፖርት የለበሰ ሰው ጋሽ ታደሰን እምቢ ይላል? አይልም። እሳቸው የሚያምኑት ተከፍሎበት በካርድ የሚሠራውን የሳተላይት ራዲዮ ነው። መቶ ጣቢያ አለው፤ ባንዱ ፒያኖ ብቻ፣ ባንዱ ታንጎ ብቻ፣ ባንዱ ዋሽንት ብቻ። «ማስታወቂያ የለ፣ ወሬ የለ፣ አንድም ሰው አይተነፍስበትም!» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ትርፍ ካርዳቸውን ይዘው መጡ፤ ዲሹን ወደ ግራ አዞሩ፤ ፒያኖውን ከፈቱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ሁለተኛው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሆልምሊያ ይኖራል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ይዘምራል፤ ሁላችንም ወንድም ዳዊት ነው የምንለው። የጋሽ ታደሰን ሲሰማ ሳቀ። «ሰው የሌለበት ራዲዮ ራዲዮ ነው እንዴ? ሊፍት ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ!» አለ። የሱ ጣቢያ በነፃ ይገባል፤ ከመላው አፍሪካ ያልተለቀመ ሙዚቃ የለበትም፤ በዚያ ላይ አቅራቢ አለው። አቤት አቅራቢው! አንዱን ዘፈን ከማስገባቱ በፊት የዘፋኙን የትውልድ መንደር፣ የሰፈሩን ወንዝ፣ መጀመሪያ ጊታር ያስያዘውን አጎቱን ሳይቀር ይተርካል። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ያቋርጠውና ስለ አጎትየው የረሳውን ይጨምራል። እሁድ ከጸሎት በኋላ ወንድም ዳዊት መጣና ዲሹን ወደ ቀኝ አዞረው። እሱም እሁድ እሁድ መምጣቱን ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ ዲሹ አንድ ነው። ባንድ ጊዜ ወደ ሁለት ሳተላይት አያይም። የኖርዌይ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? አንዱን «አመሰግናለሁ፣ ኔይ» ብሎ፣ ማለት አይሆንም ብሎ፣ ይሸኛል፤ ሰውየውም አይቀየምም። እኔም እኮ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ኔይ ስል ነው የምውለው። በኖርዌይኛ ሲሆን አፌ ላይ ቀላል ነው። በአማርኛ «እምቢ» ልበል ስል ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ያ ይሉኝታ የሚባለው ነገር! ሶስና ይህን ጠባዬን አትወደውም። እሷ እዚህ ተወልዳ ኔይን ከእናቷ ጡት ጋር የጠጣች ናት። «አባዬ፣ ሰውን መዋሸት እኮ ነው! አልወደድኩትም ብለህ ንገራቸው» እያለች ትገሥጸኛለች። ይህቺ ልጅ ከኛ ምንም ሳትወስድ አደገች እያልኩ አዝን ነበር።

እናላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ወጥቼ ዲሹን ወደ ግራ አዞራለሁ። እሁድ በቀትር ወጥቼ ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ቦታው እንዳይጠፋኝ በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ምሰሶው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ የጋሽ ታደሰ ቀይ፣ የወንድም ዳዊት ሮዝ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለውን ንፋስ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በረዶውን በመጥረጊያ አራግፌ፣ የምሰሶውን ብሎን በብርድ ፈትቼ፣ አዙሬ፣ አጥብቄ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ እገባለሁ። ባለቤቴ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ታየኛለች። «የሚዞረው ዲሹ ነው ወይስ አንተ?» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚህ ሁሉ መከራ ደግሞ ለሠርጉ የሚሆን አንድ ዘፈን አላገኘሁም። ፒያኖው ያስተኛኛል፤ አቅራቢው አያዘፍንም።

በመጋቢት ግድም በር ተንኳኳ። ቶሪል ናት። ሕንፃዎቻችንን የሚያስተዳድረው የነዋሪዎች ማኅበር፣ ቦሬትስላጉ፣ ሰብሳቢ እሷ ናት፤ ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ ትኖራለች። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሳትቀመጥም ደንቡን አወጣች። ዲሽ መትከል ተፈቅዶልኛል፤ በዚህ ላይ ችግር የለም። ነገር ግን ዲሽ በደንቡ መሠረት የተተከለ ነገር ነው፤ የኔው ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ክረምቱን ሙሉ ከመስኮቷ አይታዋለች። ቅዳሜ ወዲያ፣ እሁድ ወዲህ። ጎረቤቶች ምን እየተደረገ ነው ብለው መጠየቅ ጀምረዋል።

ምን ብዬ ልመልስ? ይሉኝታን በኖርዌይኛ ፈለግሁት፤ የለም። ቅዳሜ የሚመጣው ወዳጄ ወደ ግራ እንደሚወድ፣ እሁድ የሚመጣው ዘመዴ ወደ ቀኝ እንደሚወድ አስረዳኋት።

«አንተስ ወዴት ትወዳለህ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እስከዚያች ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ቶሪል እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አንዱን አቅጣጫ መርጬ በብሎን እንዳስረው፣ ካልሆነም እንዳወርደው ነግራኝ፣ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ወይ ካፖርቱን ልካድ፣ ወይ አማቼን ላስቀይም። ሠርጉም እየቀረበ ነው።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ ከሮዙ ምልክት ወደ ቀዩ እያዞርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት። ለሠርጉ ጉዳይ ሁለቱንም ጠርታቸው ኖሯል፤ ታች በሩ ላይ አግኝታቸው አብረው ወደ ላይ እየመጡ ነው። ሁለቱም! ባንድ ጊዜ! ዲሹን መሐል ላይ እንዳለ ትቼው ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ቴሌቪዥኑ ያልተለመደ ድምፅ ያሰማል። መሐል ላይ ሌላ ሳተላይት ኖሯል ለካ! ከየት አገር እንደሆነ አላውቅም፤ ቋንቋውንም አላውቀውም። አንዲት ሴት ቀስ ብላ ትዘፍናለች፤ ከኋላዋ አኮርዲዮን አለ። ጓንቴን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። ሶስናን ባርነሃገ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ጥያት ስመለስ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ እጇን የምታውለበልብልኝ ነገር ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ይሄ ነው፣ አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ታደሰና ወንድም ዳዊት ገቡና ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ታደሰ ዘፈኑ የወንድም ዳዊት ጣቢያ መሰላቸው። ወንድም ዳዊት የጋሽ ታደሰ መሰለው።

«በጣም ጥሩ ነው፣ ዳዊት» አሉ ጋሽ ታደሰ በትሕትና።

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ ጋሼ! አሁንስ በደንብ ገባኝ» አለ እሱ።

እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚህ በኋላ መደበቅ አይቻልም፤ የማንም አይደለም፣ መሐል ላይ የተገኘ ነው ብዬ ሁሉንም ነገር፣ ቀዩንም ሮዙንም፣ ቶሪልንም ተናዘዝኩ። ጋሽ ታደሰ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፒያኖው ከሰለቸኝ ቆየ። እዚህ ሁለት ሰዓት የምቀመጠው አንተ የወደድከው መስሎኝ ነው። ወገቤን ጨረሰኝ።»

ወንድም ዳዊት ከሶፋው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። እሱም አቅራቢውን ከቤቱ ካጠፋው ሦስት ወር ሆኖታል፤ እሁድ እሁድ የሚሰማው ለኔ ሲል ነው። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ በረዶ፣ ያ ሁሉ ንፋስ! ሦስታችንም ወደ በረንዳው ወጣን። ጋሽ ታደሰ ዲሹን ያዙ፣ ወንድም ዳዊት ብሎኑን አጠበቀ፣ ልክ መሐል ላይ። ቶሪል ከፊት ለፊት በረንዳ አውራ ጣቷን አነሣችልን። ዘፈኑ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲመጣ በስልኬ ቀዳሁት።

ነሐሴ ደረሰ። ሠርጉ ላይ ስልኬን ለዲጄው በገዛ እጄ ሰጠሁት። የአኮርዲዮኑ ድምፅ ሲጀምር ሶስና ቀጥ ብላ ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ኔይ፣ አባዬ። በጭራሽ» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንዴት እንደደነስን! በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን የለም። ያልነገርኩት እንግዳ አልቀረም፤ ስለ ዲሹ አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ሰሙ።

አሁን ባሏን ላስተዋውቃችሁ። ሄንሪክ ይባላል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ምግቡ ጨው ከበዛበት በዝቷል የሚል ቅን ሰው ነው። ኅዳር ላይ የድሮ ሶፋችንን ሊጥልልኝ መኪና ይዞ መጣ። መንገድ ላይ ዘፈኑን ከፈትኩለት። ሳቀ።

«የካፌው ዘፈን!» አለ።

የምን ካፌ? የግሩነርሎካው ነዋ። የካፌው ባለቤት አንድ ሲዲ ብቻ ነበረው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያዞረዋል። ሶስና ያንን ዘፈን አንድ ጊዜ ጨምሬ ብሰማ አብዳለሁ ብላ ሥራውን የለቀቀችው በሱ ነው። ማታ ስትገባ «ምንም ነገር እንዳትከፍት» ስትለኝ የነበረው ለካ በኔ ዘፈኖች አልነበረም። ሠርጉ ላይ እጇን አፏ ላይ ያደረገችውም ሳቋን ለማፈን ኖሯል።

ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ሄንሪክም ጠይቋት ነበር። ክረምቱን ሙሉ በብርድ ዲሽ ሲያዞር የከረመን አባት እንዴት ብዬ፣ አለችው አሉ። እሱ አልገባውም። እኔን ግን መኪናው ውስጥ አንጀቴን በላችው። ከኛ ምንም አልወሰደችም ስል የነበረው፣ ለካ ዋናውን ሙሉ በሙሉ ወርሳዋለች!

እንዳወቅሁ አልነገርኳትም። ሄንሪክንም አስምዬዋለሁ። እሁድ እሁድ ሲመጡ ገና በሩን ሳይዘጉ ዘፈኑን እከፍትላታለሁ። «ኦ፣ አባዬ፣ ዘፈናችን!» ትለኛለች። ሄንሪክ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በአሥራ አንዱ ላይ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ገብቷል ማለት ነው። ለናንተ ግን ምን እደብቃለሁ? እኔንም በሦስት ወሩ ሰልችቶኛል። ግን ልጄ ይህን ያህል ተጨንቃ ስትወድልኝ፣ እንዴት ብዬ ልዝጋባት?