አልጠገበም!

ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ። የእኛ ሰፈሩ ክቡርነታቸው ቀለም ቀቢ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «አልጠገበም» ነው የምንላቸው። የቀለም ቆርቆሮ ይከፍታሉ፣ ያማስላሉ፣ ጠብታውን በሁለት ጣት ያሹና «ይሄ አልጠገበም!» ይላሉ። የጎረቤት በር አልጠገበም፤ የትምህርት ቤቱ አጥር አልጠገበም። የሙሽራ ጥፍር ቀለም ወደ ብርሃን አንስተው ሲመረምሩ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እናቴ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ መውጫ መውረጃዋ የውጪው የብረት ደረጃ ብቻ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ዝገት የበላው እርከን ከእግሯ ሥር ተቀነጠሰ። መደገፊያውን ይዛ ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ ግን «አልወርድም» ብላ ተቀመጠች። እርከኑን አስቀየርኩ፣ ውድ የተባለውን ፀረ ዝገት ቀለም ገዛሁ፣ ክቡርነታቸውን ጠራሁ።

ጠዋት ስወጣ በዚያ ቀለም ላይ የሚያብረቀርቅ ዱቄት ይነሰንሳሉ! ደሜ ፈላ።

«ጋሼ! ባዕድ ነገር ይቀላቅላሉ እንዴ?»

«ምን ባዕድ አለው? የድንጋይ ዱቄት ነው።»

«እናቴ የምትረግጠው እኮ ነው!»

«ለዚያም አይደል! ቅንጣቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ተደራርቦ ይተኛል። ውሃው ቀጥ ብሎ ብረቱ ጋ አይደርስም፤ ሲዞር ሲዞር ይደክመዋል። ሲበዛ ደግሞ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ሚዛን የያዝኩት ለምን መሰለህ?»

«ቀለሙስ ይቅር፤ የጠገቡት እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው። እሳቸው ግን ሚዛናቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ገና አንድ ማንኪያ ይቀረዋል» አሉ።

ቀለሙ ሲደርቅ በየእርከኑ ላይ እየዘለሉ እናቴን ጠሯት። ክንዳቸውን ይዛ ወረደች።

ሦስት ክረምት አለፈ። የእኛ ደረጃ በተቀባበት ሳምንት፣ በዚያው ቀለም፣ «ዱቄትህን ይዘህ ውጣ» ብሎ አባርሯቸው የፊት ለፊቱ ጎረቤት ራሱ የቀባው የብረት በር አረፋ አውጥቶ ይላጣል። የእኛ ደረጃ ላይ ግን ነጥብ ዝገት የለም። እናቴ በቀን አሥሬ ትመላለስበታለች።

ታዲያ ምን ያናድደኛል? ሲሰናበቱን «አሥር ዓመት አትፈልጉኝም» አሉ። አሥር ዓመት! ሰው እንዲህ ይጨክናል? ናፈቁኝ፤ ይኸው ተናገርኩት።

ትናንት እናቴ «ሰውዬውን ጥራልኝ እንጂ» አለችኝ።

«ምን ዝጎ?»

«እኔ ምን አውቄ? ፈልግ!»

ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ለጓሮ ዝገት እየፈለግሁ ነው።