ቅዳሜ የሚመለሰው ባኞ

"ትንሽ ነው የቀረኝ" የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ ምድር የለም። ይህ ሰው አንድ ነገር ያሻሽላል። ምን እንደሚያሻሽል አይጠየቅም፤ ከተጠየቀ ሲያስረዳ የእራት ሰዓት ያሳልፋልና። የተዋሰው ዕቃ ግቢው ውስጥ ይከማቻል፣ ትንሽ የቀረው ነገር ደግሞ ዓመት አልፎ ዓመት ቢተካም ያው ትንሽ እንደቀረው ነው። አንዱ ሰፈር ጭስ የሌለው ምድጃ የሚሠራ ደርሶታል፤ ሌላው ያለ በሬ የሚያርስ ሞፈር። ለእኛ ለኮልፌዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ገሜዳ ናቸው፤ የአረፋው ፊታውራሪ፣ ድንጋይን ዋና የሚያስተምሩ።

የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ገሜዳ ከጅማ ማዶ በአንድ ትንሽ የመዳብ ቁፋሮ የማጠቢያው ቤት አለቃ ነበሩ። መዳብ ያለበት ድንጋይ ዱቄት እስኪሆን ይፈጫል፤ ገንዳ ውስጥ ከውሃና ከመድኃኒት ጋር ይበጠበጣል፤ ከሥሩ አየር ይነፋበታል። አረፋ ሲነሣ የመዳቡ ቅንጣት ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ተራው ድንጋይ ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ከላይ ያለውን መግፈፍ ነው። መድኃኒቱ ግን ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ነበርና ዋጋው ሰማይ ሲነካ ማጠቢያው ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቀደ ሠላሳ ሁለቱን ሠራተኞች ሲያሰናብቱ ለጋሽ ገሜዳ፣ "የአገር መድኃኒት ካገኘህ ጻፍልኝ፤ በማግሥቱ እከፍተዋለሁ" አሏቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ለወጉ የተባለ ማጽናኛ አድርጎ ይሰማው ነበር። ጋሽ ገሜዳ እንደ ትእዛዝ ተቀበሉት። ስድስት ጆንያ ድንጋይ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነው መጡና ከእኛ አጥር ማዶ አንድ ክፍል ተከራዩ። ይህ የሆነው በ1955 ነው።

በሳምንቱ በራችንን አንኳኩ። "መምህር፣ ባኞ አለህ? ቅዳሜ እመልሳለሁ።"

ባለቤቴ የሺእመቤት ልብስ የምታጥብበትን ባኞ አውጥታ ሰጠች። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ተራ በተራ ገበረ። የአንዱ ሙቀጫ ሄደ፣ የሌላው ወንፊት ሄደ፣ የእኔም የብስክሌት መንፊያ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ከከመነዳሪው ጋር ሄደ። ከመነዳሪውን በመርፌ በሳስተው ባኞው ሥር አነጠፉትና አየር ይነፉበት ጀመር። ብስክሌቱ ቤት ቀረ፤ እኔ ትምህርት ቤት በእግሬ።

ከጋሽ ገሜዳ ዕቃ የሚመለሰው ባለቤቱ ሄዶ ሲያመጣው ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ወጉን አይስቱም። "ዕቃ ባዶውን አይመለስም" ብለው ካላቸው ነገር ጥቂት ያደርጉበታል። ያላቸው ነገር ደግሞ የድንጋይ ዱቄት ነው። ሙቀጫው የተመለሰ ጊዜ የሰፈራችን በርበሬ ጥርስ ያስቆጥር እንደነበር የበላ ያውቀዋል።

ለአረፋው ችግር አልነበረባቸውም። አጥራቸው ላይ እንዶድ አብቅለው ፍሬውን እያደረቁ ይወቅጡታል፤ ሲበጠበጥ ከፈረንጅ ሳሙና የበለጠ ይነሣል። ችግሩ አረፋው ባዶውን መነሣቱ ነው። የመዳቡን ቅንጣት ከአረፋው የሚያጣብቅ አንድ ቅባት ጎደላቸው። በኑግ ዘይት ሞከሩ፤ ዘቀጠ። በላምባ ሞከሩ፤ ዘቀጠ፣ ግቢውም ለአንድ ወር ከረፋ። የሺእመቤት ለፋሲካ ያነጠረችውን ቅቤ ለምነው ሞከሩ፤ እሱም ዘቀጠ፣ እኔም ፋሲካን በኩርፊያ ፈሰክሁ።

"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" ይላቸዋል ያለፈው ያገደመው። የማዶዋ ጎረቤታችን እትዬ ወለተጻድቅ ደግሞ ቃል አታሳምርም። "ጋሽ ገሜዳ፣ ድንጋይ ስንት ዘመን ወንዝ ውስጥ ሲኖር መች ዋና ለመደ?"

"አስተማሪ አጥቶ ነዋ" ይላሉ፣ መንፊያውን ሳይለቁ። "ትንሽ ነው የቀረኝ።"

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ባኞዬን ላመጣ እሄዳለሁ። በቁጣ እገባለሁ። "በል መምህር፣ አንድ ጊዜ ይህን ንፋልኝ" ይሉኛል። ስነፋ እውላለሁ። ሲመሽ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። የሺእመቤት "ባኞው የታለ?" ስትለኝ "ትንሽ ነው የቀራቸው" እላለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ቅዳሜ ስነፋ አንድ ነገር አሉኝ። "እዚህ ተከራይ ነኝ፤ ጥሩ ሰዎች ናችሁ፣ ምንም አላጎደላችሁብኝም። እዚያ ግን ወፍጮው ሲነሣ መሬቱ በእግሬ በኩል ይነግረኝ ነበር። ጠዋት አረፋው ገንዳውን ሞልቶ ሲያብረቀርቅ ሠላሳ ሁለት ሰው እኔን እኔን ያይ ነበር፤ 'ገሜዳ፣ እንግፈፍ?' እያለ። አሁን ማን ምን ይጠይቀኛል? 'ባኞዬን ይመልሱ' ነው የምትሉኝ።" ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ያን ቀን ስለ ባኞው አላነሣሁም።

በ1962 ግንቦት ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ገሜዳ እንዶዱን ከድንጋዩ ዱቄት ጋር በጥብጠው፣ አዲስ ዓይነት ዘይት ሊያፈላልጉ አየር ጤና ወጡ። እትዬ ወለተጻድቅ ስታልፍ በአረፋ የሞላ ባኞ ፀሐይ ላይ ቆሞ አየች። እንዶድ ደግሞ ለእሷ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። "ከሚባክንስ" ብላ የባሏን የጥሩነህን ቱታ አምጥታ ነከረች። ጥሩነህ የጋራዥ መካኒክ ነው፤ ቱታው ያለ ባለቤቱ ብቻውን የሚቆም ዓይነት ነበር።

እኔ ስደርስ ጋሽ ገሜዳም ከመንገድ መጡ። እትዬ ወለተጻድቅ ወገቧን ይዛ ትቆጣለች። "ምን ዓይነት እንዶድ ነው እርስዎ ያበቀሉት? ሳሸው ሳሸው አረፋው ጭራሽ ጠቆረብኝ።"

ጋሽ ገሜዳ አረፋውን አዩ። ጠቁሯል፤ በጥቁረቱ ላይ ግን የመዳቡ ድንጋይ ቢጫ ብልጭታ አለበት። በጣታቸው ገፈፍ አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ወለተጻድቅ፣ ቱታውን ምን ነካው?"

"ምን ይነካዋል? የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነዋ።"

"መምህር፣ ዋኘ" አሉኝ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ክቡርነታቸው ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት የጋራዡን ቱታ ሁሉ በነፃ አጠቡ። መካኒኮቹ ኪሳቸው በአሸዋ ተሞልቶ ሲመለስላቸው ግራ ገባቸው። በሦስተኛው ሳምንት፣ "ጋሽ ገሜዳ፣ ለምን ዘይቱን ብቻ በጣሳ አንለምናቸውም?" አልኳቸው። እጃቸውን ከአረፋው አውጥተው አሳዩኝ። "ይህን የዛሬ ሦስት ሳምንት ብትለኝ እጄ ባልተላጠ" አሉ።

ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩ፤ የተገፈፈውን ጥቁር ዱቄት በጠርሙስ አድርገን በጅማ አውቶቡስ ላክን። ስጽፍ አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣብኝ፤ ዘይቱን ባልጠቅሰውስ? ጠርሙሱ ቢጠፋስ? እዚሁ ይቀሩልን ይሆናል። ከዚያ ያ ፈገግታቸው ትዝ አለኝና ዘይቱን በጉልህ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። በሁለት ወር መልስ መጣ። አቶ ፈቀደ የጻፉት አንድ መስመር ነው፤ "ገሜዳ፣ ሰዎቹን እየሰበሰብኩ ነው፣ ቶሎ ና።"

አየር ጤና ፌርማታ ድረስ ሸኘናቸው። የኔን ባኞ በብብታቸው ይዘዋል። "ይሄ ሥራውን ለምዷል፣ ሌላ አላምንም" አሉ። "ቅዳሜ እመልሳለሁ።"

እውነቱን ልናገር። ቅዳሜ የሚባል ቀን ከዚያ ወዲህ አስጠላኝ። የብስክሌቴ መንፊያ ተመልሶልኝ፣ አዲስ ከመነዳሪ ገዝቼ፣ ጎማው ሳይተነፍስ እነፋዋለሁ። አጥራቸው ላይ ያለው እንዶድ ሲያፈራ የሚለቅመው ጠፍቶ እኔ ለቅሜ አደርቀዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሺእመቤትም አትጠይቀኝ፣ እኔም አልነግራት። ክፍሉን አዲስ ተከራይ ይዞታል። ምንም አይዋስም። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ነው አይባልም።

ባለፈው ሰኔ ወዬሳ የሚባለው የጅማ አውቶቡስ ሾፌር ከፌርማታ አስጠራኝ። ከጣራው ላይ ባኞዬን አወረደ። ውስጡ በአዲስ አቡጀዲ የታሰረ የመዳብ ዱቄትና ወረቀት አለበት። "ማጠቢያው በእንዶድና በተቃጠለ ዘይት ይሠራል። ከሠላሳ ሁለቱ ሃያ ዘጠኙ ተመልሰዋል። ባኞህን በመጨረሻ መለስኩ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም።"

አብራኝ የመጣችው የሺእመቤት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔን ግን ከፋኝ። ጋሽ ገሜዳ በሰባት ዓመት ውስጥ በገዛ ፈቃዳቸው አንድ ዕቃ መልሰው አያውቁም። ዕዳ የጨረሰ ሰው ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ዱቄቱን አወጣሁ። ወደ ቤት ሮጬ ሁለት ዓመት ያደረቅሁትን እንዶድ በሙሉ አምጥቼ ባኞው ውስጥ ገለበጥኩና ለወዬሳ መልሼ አሸከምኩት።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ ግራ ገብቶት።

"በእጃቸው የወሰዱትን በእጃቸው ይመልሱ በላቸው። ቅዳሜ እጠብቃለሁ።"

"የትኛውን ቅዳሜ?"

"እሳቸው ያውቁታል" አልኩት።