የመኪናዬን ጉሮሮ የቆረጥንበት ጁምዓ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሃያ የሚሆን ሰው ሥጋ ሊበላ ግቢያችን መጣ። የታረደችው ግን መኪናዬ ነች!

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ከሥሩ ልንገራችሁ። መሳቅ ይፈቀዳል፤ ስክሪንሾት አንስቶ ለቢሮ ሰዎች መላክ ግን ነውር ነው።

ለማታውቁኝ፦ የአዳማ ልጅ ነኝ። ጅግጅጋ ለሥራ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ነው የምጠግነው። ማለትም ሰው "ኢንተርኔት እምቢ አለኝ" ሲለኝ "አጥፍተህ አብራው" እላለሁ። በዚህ ሙያ ነው እንግዲህ መካኒክ ነኝ ያልኩት።

የተከራየሁት አዴር ሙሴ ግቢ ነው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል፣ ስሳሳትም ያርሙኛል። ባለቤታቸው ኤዶ ሃዎ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ኤዶ ማለት ደግሞ አክስት። እሳቸው እኔን ሶማሊኛ ለማስተማር ቆርጠው ስለተነሱ አማርኛ አያናግሩኝም። ይሄን ያዙልኝ!

የአዴር ሟች ወንድም ልጅ ደገሀቡር አለች። ነገ ቅዳሜ ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው ሊጠይቋት ይመጣሉ። አባቷ ስለሌለ ያለ አዴር ሙሴ ነገሩ አይጀመርም።

እኔ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ደረቴን ነፍቼ "አዴር፣ ሚኒባስ ውስጥ ምን አጋፋዎት! እኔ በመኪናዬ አደርስዎታለሁ" አልኩ።

እሳቸውም እዚያው ፊቴ ስልክ አንስተው ደገሀቡር ደወሉ። "ልጄ ያመጣኛል" አሉ።

ልጄ!

እዚህች ቃል ላይ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ። መኪናዬን አሳጥቤ፣ ጎማዋን አስነፍቼ፣ ቅዳሜን መጠበቅ። የጤነኛ ሰው ሥራ ይሄ ነው።

ግን አልጋዬ ሥር ዳውንፓይፕ ነበር።

ዳውንፓይፕ ምንድነው ለምትሉ፦ ቱርቦ ያለው መኪና ላይ ጭሱ ከቱርቦው እንደወጣ የሚወርድበት ቧንቧ ነው። ከዚያ ድምፅ ወደሚያፍነው ማርሚታ ይሄዳል። ከፋብሪካ የሚመጣው ጠበብ ይላል። ሰፊውን ስትገጥሙ መኪናው እንደልቡ ይተነፍሳል፣ ይፈጥናል፣ ድምፁም... ወይኔ ድምፁ! በቪዲዮ ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። ከዱባይ አስመጣሁት፣ በሶማሌላንድ ጠረፍ በውጫሌ በኩል ገባ፣ አልጋ ሥር ተኛ።

ለራሴ "ለአዴር ብዬ እኮ ነው፤ አቀበት ላይ እንዳንቸገር" ስል ሰነበትኩ።

መንገዱ ሜዳ ነው።

እውነቱን ልናገር አይደል የተቀመጥኩት? ደገሀቡር ስንገባ የሰው አንገት ሁሉ ወደኛ እንዲዞር ነው የፈለግኩት። "ሙሴ መጣ፣ ልጁ ይዞት መጣ" እንዲባል። አያችሁ፣ ልጄ መባል ራስ ላይ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል።

ዛሬ ጠዋት ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ከነሳቁ፣ ከነቡናው፣ በሁለት ሰዓት ጨርሶታል። እኔ ሁለት ሰዓት የፈጀብኝ የመጀመሪያውን ቡሎን ለማየት ነው።

ቡሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ዘይት ጨመርኩ፣ እምቢ። መታሁ፣ እምቢ። ለመንኩ!

በመጨረሻ ጉሌድን ጠራሁት። ጉሌድ የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ምላሱ ግን እንደ ሚጥሚጣ። ግራይንደር ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና "አሮጌውን ከመቁረጤ በፊት አዲሱን ለክተኸዋል?" አለኝ።

"ኢንተርኔት ላይ አረጋግጫለሁ" አልኩት።

"ኢንተርኔት መኪናህን አይቷታል?" አለ።

እኔ ግን ቀጥል አልኩት። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እሱም ጁምዓ ሊሰግድ ይቸኩላል። ቢስሚላህ ብሎ ግራይንደሩን አስነሳ። ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሮጌው ቧንቧ ከአንገቱ ተቆርጦ መሬት ላይ ዱብ አለ። ጉሌድ "የቀረውን ራስህ ግጠም፣ አንተ ኢንጂነር ነህ" ብሎኝ ወደ መስጊድ ሄደ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ኤዶ ሃዎ ናቸው፣ ከሱቅ። አሁን የምጽፈው ሁሉ የተባባልነው በሶማሊኛ ነው፤ የኔን ሶማሊኛ ለክብሬ ስል ተርጉሜላችኋለሁ።

"ወሪያ! ጎረቤት ደውላ ግቢያችሁ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ አለችኝ። ምን እያደረግክ ነው?"

እኔም በኩራት፦ "ዱንታ ዋን ጀርነይ!"

"ቧንቧውን ቆረጥነው" ማለቴ ነው። ዱን ቧንቧ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለፈው የግቢያችን የውሃ መስመር ሲፈነዳ ከሠራተኛው አፍ የቃረምኳት ቃል ነች። ያላወቅኩት ሌላ ነገር ነው።

ዱን ጉሮሮም ነው።

ኤዶ ሃዎ የሰሙት እንግዲህ "ጉሮሮውን ቆረጥነው" የሚል ነው። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ።

"በእውነት? ለነገው መንገድ ብለህ ነው?"

"አዎ ኤዶ! ለአዴር መንገድ ብዬ ነው።"

"ትልቅ ነው?"

"በጣም ትልቅ! በውጫሌ በኩል ነው ያስመጣሁት።" እዚህ ጋ እንኳ መጠርጠር ነበረባቸው። ከብት በውጫሌ ይወጣል እንጂ መቼ ይገባል? ግን በደስታ መሃል ማን ጂኦግራፊ ያስባል።

"አንተ ነህ የቆረጥከው?" አሉ፣ በጥንቃቄ።

"ኧረ እኔን እምቢ አለኝ። ጉሌድ ነው።"

"ቢስሚላህ ብሎ?"

"ጉሌድማ ያለ ቢስሚላህ ምን ይነካል!"

"አላህ ይቀበልልህ ልጄ" አሉና ስልኩን ዘጉት። እኔ ደግሞ "የኤዶ ደግነት! ለቧንቧ እንኳ ዱዓ ያደርጋሉ" ብዬ ተገረምኩ። ተገረምኩ እኮ ነው የምላችሁ!

ገባችሁ አይደል? ክርስቲያኑ ተከራይ ለአዴር ሙሴ መንገድ ሰደቃ አርዷል፤ ያውም ሁሉም እንዲበላው ሙስሊም ጠርቶ አሳርዷል። ኤዶ ሃዎ ይሄን ዜና ለገበያው ሁሉ አደረሱት።

እኔ በዚህ ሰዓት መኪና ሥር ነኝ። አዲሱን ዳውንፓይፕ ወደ ቦታው እገፋለሁ። አይገባም። አዞራለሁ፣ አይገባም። በቀኝ ሲመጣ ይጋጫል፣ በግራ ሲመጣ ይጋጫል። ዘይቱ ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል። "አምላኬ፣ ይሄን ብቻ" ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም።

ከዚያ የግቢው በር ተከፈተ። እግር አየሁ።

አንድ እግር አይደለም። ሽርጥ የለበሱ እግሮች፣ ከጁምዓ የተመለሱ ሽማግሌዎች፣ ድስት የተሸከሙ ሴቶች። አንዱ ጎረቤት ቢላ ይዟል። ከመኪና ሥር ሆናችሁ ቢላ የያዘ ሰው ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ።

"የታለ?" አለ ባለቢላው። "ቆዳውን እኔ ልግፈፍ ብዬ መጣሁ።"

ጥላሸት ተቀብቼ ወጣሁ። "የምኑን ቆዳ?"

ኤዶ ሃዎ በኩራት ቆመዋል። ሩዙን ጎረቤት ቤት አስቀቅለው አምጥተዋል። "ያረድከው፣ ያረድከው የት ነው?" አሉኝ።

መሬት ላይ የወደቀውን አሮጌ ቧንቧ በጣቴ አሳየሁ። "ዱንታ..." አልኩ።

ሁሉም ቧንቧውን አዩት።

ሁሉም እኔን አዩኝ።

መጀመሪያ የፈነዱት ኤዶ ሃዎ ናቸው። ግድግዳ ተደግፈው፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እስኪያስነባቸው ሳቁ። ባለቢላው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጉሌድ ራሱ ሥጋ ሊበላ መጥቶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ "ወላሂ እኔም ተከራዩ አርዷል ብለውኝ ነው የመጣሁት! እኔ መች አረድኩ!" ይላል።

ያልሳቁት አዴር ሙሴ ብቻ ናቸው። ቀስ ብለው ወደ መኪናዋ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ በዚያ የመምህር ድምፅ "ነገ ትነሳለች?" አሉኝ።

ጉሌድ ቀድሞኝ ሥሯ ገብቶ አየ። ሲወጣ ቀልዱ ጠፍቷል። "ይሄ ቧንቧ ለቀኝ መሪ መኪና የተሠራ ነው" አለ።

አሁን ስሙኝማ። መኪናዬ ከጃፓን ስትመጣ መሪዋ በቀኝ ነበር። እዚህ እንዳሉ ብዙ መኪኖች ጋራዥ ገብታ መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሯል። ኦርደር ሳደርግ ሻጩ "መሪው በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። እኔ "የጃፓን መኪና ነች፣ በቀኝ" አልኩት።

ግራ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያንን የጻፍኩለት!

አዲሱ ቧንቧ የመሪው ዘንግ ላይ ይጋጫል፣ አይገባም። አሮጌው ደግሞ ጋራዡ በእጅ ያጣመመው ነበር፤ አሁን ሁለት ቦታ ሆኗል። ጉሌድ "አስተካክዬ ለመበየድ ሁለት ቀን ስጡኝ" አለ። አንድ ቀን እንኳ የለንም።

"አትነሳም አዴር" አልኩ።

ምሳው ቀረበ። ሰደቃው ሩዝ በሙዝ ሆነ። ሰው እየበላ "ጉሮሮዋ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ዘይት በዛባት" እያለ ይቀልዳል። እኔ ሙዙን ሳልልጥ በእጄ ይዤ ቀረሁ። አፍሬያለሁ። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ፈራሁ። እኚህ ሰው ለዘመዶቻቸው ስለኔ ተናግረዋል። ነገ የወንድማቸው ልጅ ፊት ቃላቸው ቢታጠፍ፣ ከዚያ ወዲያ "ልጄ" የሚሉኝ ይመስላችኋል? "ተከራዩ" ነው የሚሉኝ። ልክም ናቸው።

ከምሳ በኋላ አዴር ስልካቸውን አወጡ። ደገሀቡር ሊደውሉ ነው። ልነሳና ልውጣ ስል በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ። በሶማሊኛ ረጅም አወሩ፤ እኔ ዛሬ አንዲትም የሶማሊኛ ቃል አውቃለሁ ብዬ መመስከር ስለማልችል ምን እንዳሉ አልጽፍላችሁም። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

"ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ነን። በሚኒባስ ነው የምንሄደው። ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ።"

"እኔም?" አልኩ። "አዴር፣ መኪናዋ እኮ..."

"እኔ ለሰዎቹ መኪና ያመጣኛል አላልኩም" አሉ። "ልጄ ያመጣኛል ነው ያልኩት። አንተም አብረህ ተቆረጥክ እንዴ?"

ኤዶ ሃዎ እንደገና በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ቧንቧው ሄድኩና ፊቴን ደጋግሜ ታጠብኩ። ዘይቱ አልለቅ ብሎኝ ነው። አትጠይቁኝ።

ትምህርቱ ብዙ ነው። አሮጌውን ከመቁረጥህ በፊት አዲሱን ለካ። ሶማሊኛ ከቧንቧ ሠራተኛ አትልመድ። የተቀመጥክበትን ወንበር እወቅ። ስለ ዳውንፓይፕ ግን ዛሬ ከማንም ምክር አልቀበልም፣ በቃኝ!

ምክር የምፈልገው ስለ ሌላ ነገር ነው። አባቴ የሞተው እኔ ገና በአራት ዓመቴ ነው። አባት ይዤ የትም ሄጄ አላውቅም። ሸሚዙን ተኩሻለሁ፣ ስልኬን አሥር ሰዓት ላይ እንዲቀሰቅሰኝ አድርጌያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ ሚኒባስ ውስጥ አባትን የሚያስቀምጡት መስኮት ጋ ነው ወይስ በር ጋ?