ሰርግ የሞላበት ኮምፒውተር

የሰው ቤት ስትገቡ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ ያማረው ማንም የማይነካው ነው። ቡፌው ውስጥ አፋቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ቤተሰቡ ግን የሚጠጣው እጀታው በተሰበረ ኩባያ ነው። ሶፋው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ቤተሰቡ የሚቀመጠው በርጩማ ላይ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ ለእንግዳ ነው። እንግዳው ማነው? መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ሲመጣም ያው እንደ እናንተው ዓይነት ሰው ነው። እሱም በቤቱ በስባሪ ኩባያ ሲጠጣ ከርሞ፣ እናንተ ዘንድ ሲደርስ የወርቁን ብርጭቆ ስትሰጡት እንዳይሰብረው በሁለት እጁ አቅፎ ይጠጣል። አገሩ ሁሉ ደህና ዕቃውን ለሌላ ሰው አስቀምጦ ራሱ በስባሪው ይኖራል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። መጽሐፍስ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ብዙም አልጠቀመኝም። የምለው ለእንግዳ በተቀመጠ አልጋ ላይ ስለምተኛ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንዲት ብርዳማ የአውሮፓ ከተማ፣ በቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ማንም የማያነበውን መጽሐፍ ፎቶ እያነሳሁ ኮምፒውተር ውስጥ በማስገባት ነው። ጡረታ ስወጣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ተወለድኩበት ቤት ተመለስኩ። ታናሽ እህቴ ባንቻምላክ እልል ብላ ተቀበለችኝና ፍራሹ ከነላስቲኩ ያለ አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ላስቲኩን ልቅደደው ብላት ደነገጠች።

«ኧረ ይቆሽሻል እታለም! የእንግዳ አልጋ እኮ ነው።»

በተገላበጥኩ ቁጥር ላስቲኩ ይጮኻል። ባንቻምላክን በጀርባዬ አዝዬ ባሳደግኩበት ቤት ሳህን ላጥብ ብዬ ስነሳ «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» ተብዬ ወደ ሶፋው እመለሳለሁ። ሽንኩርት እንኳ አያስነኩኝም። ክብር ሰውን እንዴት አድርጎ ከቤቱ እንደሚያስወጣው የሚያውቀው የተከበረ ሰው ብቻ ነው።

የእኔ ነገር ይቆየን። ላወጋችሁ የተነሳሁት ስለ ባንቻምላክ ኮምፒውተር ነው።

እህቴ የሰርግ ቪዲዮ ቤት አላት። ሥራውን የጀመረው ባሏ ነበር። እሱ ሲያርፍ ካሜራውን ስንታየሁ ለሚባል ካሜራማን ሰጠችና ኮምፒውተሩን ለራሷ አስቀረች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ማብራት፣ ስንታየሁ ያመጣውን ካርድ ወደ ውስጥ መገልበጥ፣ ለባለ ሰርጎቹ በፍላሽ መስጠትና ማጥፋት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ትፈራዋለች። ብርድ እንዳይመታው ይመስል ራሷ የሠራችውን ዳንቴል ታለብሰዋለች፤ ሲግል ዳንቴሉን ገልጣ በካርቶን ታራግብለታለች።

እኔ የመጣሁት በገና ጾም ነበርና ሰርግ የለም። ጥር ግን እየመጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞልቷል። የቡሬ ሰርግ፣ የደምበጫ ሰርግ፣ የቋሪት ሰርግ፣ ሁሉም እላዩ ላይ እየጨፈረ መላወሻ አጥቷል። ባንቻምላክ እስከዚያ ድረስ የተወጣችው በራሷ ዘዴ ነበር። ዘዴዋ ፍቺ ነው። ቦታ ሲጠባት ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ትወጣና «እነእገሌ እንደምን ናቸው? ተስማምተው ይኖራሉ?» እያለች ታጣራለች። ተፋቱ ያሏትን ቤቷ ተመልሳ ታጠፋለች። ሰው ለትዳሩ የምትጨነቅለት ይመስለው ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ባልና ሚስትን ሰርግ ባጠፋች በሳምንቱ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁና፣ ቪዲዮውን እንይ ብለው ተያይዘው መጡባት። እርቁን ከልቧ የረገመች ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

የማታጠፋው አንድ ሰርግ ነበር፤ የእማማ ትርንጎ ልጅ የደሳለኝ።

እማማ ትርንጎ የገበዝ ማርያም ሰው ናቸው። ደሳለኝ ባገባ በዓመቱ ታሞ ሞተ። ምራታቸው ወደ ወላጆቿ ስትመለስ የሰርጉን ፍላሽ ይዛው ሄደች። ቢሰጧቸውም ቤታቸው መብራት የለ፣ ስልካቸው ባለ ቁልፍ። እና በገበያ ቀን፣ የገብስ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡና ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ሰርጉን ሁሉ አያዩም። የሚያዩት ሚዜዎቹ ሲያስጨፍሩት ካባው ከትከሻው ወርዶ እግሩ ላይ ሲጠመጠምበትና ደሳለኝ ሲስቅ የሚታይባትን ቦታ ብቻ ነው። «እስቲ መልሺልኝ ልጄ» ይላሉ። ባንቻምላክ ትመልስላቸዋለች። ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ያፈሱና ይሄዳሉ።

«በጥር ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት እህቴን።

«ሰው ይፋታ ይሆናል» አለች፣ በተስፋ።

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። ባሕር ዳር ሄጄ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። በመልሱ ሚኒባሱ ዱርቤቴ ላይ አንድ በግ እግሬ ሥር ጫነና፣ በጉ ጉልበቴ ላይ የያዝኩትን ሣጥን እስከ ቡሬ ሲያሸተው መጣ። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ «መድኃኒት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለአንዲት ሴት ጭንቀት ነው አልኳቸው። «ጠበል አትሞክርም?» አሉኝ።

ቤት ስደርስ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ሁሉንም በገዛ እጇ ትሠራዋለች። ካቻቢቴውን ሰጠኋት።

«እኔ?»

«አንቺ። እኔ ነገ ብሞት ማን ይፈታልሻል?»

«አይበሉኝ! ደግሞ ሞት ምን አመጣው?»

መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀይው አልኳት። ጠፍቷል እኮ አለችኝ። ቢጠፋም ንቀይው። ተነቀለ። አሁን ማብሪያውን ተጫኝው፣ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ይውጣ። ተጫነችው። አሁን ደግሞ ውስጡን ከመንካትሽ በፊት ቀለም ያልተቀባውን ብረት ንኪ፤ ልብሳችን የያዘው ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊገድለው ይችላል። ባንቻምላክ የቤተ ክርስቲያን በር እንደሚሳለም ሰው ብረቱን ነካችና እጇን ሳመች። ብሎኖቹን ፈትታ የጎኑን ክዳን ስታነሳው ግን ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይኸ ሁሉ ባዶ ነው እንዴ!»

እውነቷን ነው። የኮምፒውተር ሆድ ከፍታችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ አብዛኛው አየርና አቧራ ነው።

«ይዩልኝ ይኸን ውሸታም! ቦታ የለኝም፣ ቦታ የለኝም እያለ የሚያስለቅሰኝ ይኸን የሚያህል ክፍት ቤት ታቅፎ ነው?»

ቤቱ ሰፊ ነው፤ የሞላው ጎተራው ነው አልኳት፣ አሮጌውን ዲስክ እያሳየሁ። አጠገቡ ሌላ ጎተራ እናቆምለታለን። «እንደሱ ይበሉኛ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አዲሱን ዲስክ በክፍሉ አስገብታ በብሎን አሰረችው። አንዱ ኬብል የሚያበላው ነው፤ ከኃይል ሣጥኑ ይመጣል። ቀጭኑ ደግሞ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያነጋግረው ነው። «እምቢ አለኝ» አለች። አትታገይው፣ ገልብጠሽ ሞክሪው። ገባ።

ስናበራው ግን አዲሱ ዲስክ የለም።

«ዋጠው!» አለች።

አልዋጠውም፤ መሬቱ ገና አልታረሰም አልኳት። አዲስ ዲስክ ፎርማት ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ቦታ ነው ብሎ አይቆጥረውም። ዲስኮቹ የሚታዩበትን ገጽ ከፈትኩላትና አስጠነቀቅኋት፤ ባዶውን ምረጪ፣ አሮጌውን ብትመርጪ የሰው ሁሉ ሰርግ ይጠፋል። እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «ደሳለኝም?» አለች። ደሳለኝም። ስክሪኑን በአፍንጫዋ እስክትነካው ተጠግታ አነበበች፤ ትክክለኛውን መረጠች። ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ዲስክ ስም ሲጠይቃት «ክርስትናም ይነሳል?» ብላ ሳቀችና «አዲስ» ብላ ጻፈችለት። ዲስኩ ብቅ ሲል እልልታዋን ጎረቤት ሰማ። ፋይል እንዴት ወደዚያ እንደሚዛወር አሳየኋት።

«ገባኝ» አለች።

ተማሪ ገባኝ ሲል ምን እንደገባው መጠየቅ ነበረብኝ። በዚያ ፈንታ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ተመሰገንኩ።

ጥምቀትን ልውል ቡሬ የአክስታችን ልጅ ዘንድ ሄድኩ። እዚያም የእንግዳ አልጋ ነበር፤ የዚያኛው ላስቲክ እንኳ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሰነባብቼ ስመለስ የገበያ ቀን ነበር። ከቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የስንታየሁ ድምፅ ተቀበለኝ።

«እትዬ፣ ካርዱ ፉል ነው አልኩዎት እኮ! ደምበጫ ሙሽራ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አንዱን ዴሌት ያድርጉትና ልገልብጥ!»

ባንቻምላክ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች። በአንድ እጇ ማውሱን ይዛለች፣ በአንዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭናለች። ስክሪኑ ላይ የተመረጠው የደሳለኝ ሰርግ ነው።

«የተፋታ የለም» አለችኝ። «ዘንድሮ የተፋታ አጣሁ እታለም። የቀሩት ሁሉ አብረው ይኖራሉ። እሱ ደግሞ… እሱማ ሞቷል። ምን ላድርግ? እማማ ትርንጎ ገበያ ውለው መምጣታቸው ነው፤ ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?»

ማውሱን ከእጇ ቀማሁና አዲሱን ዲስክ ከፈትኩ። ምንም የለበትም። አንዲት ፎቶ እንኳ።

«ምንም አልገባበትም» አልኩ።

«ምንም!» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ ንጽሕናውን ያመሰገንኩላት መስሏታል።

«ለምን?»

«እንዴ እታለም! ከባሕር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ የትልቅ ሰው ሰርግ የመጣ እንደሆነ የት ላስቀምጠው ነው? ከነዚህ መሐል ላጋፋው? ደግሞ እርስዎ በበግ ታጅበው ያመጡትን ዕቃ በየመንደሩ ሰርግ ላቆሽሸው?»

ስንታየሁ ጭንቅላቱን ይዞ ደጅ ወጣ። እኔ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወዲያው ላስቲኩ ትዝ አለኝ፤ ሳቅ አፈነኝ። ያንን የሚያህል ዲስክ ብሎን አስሮት፣ መብራት እየበላ፣ ስም ወጥቶለት፣ ተከብሮ ባዶውን ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው አሮጌ በሰው ሰርግ ሊፈነዳ ነው። ያ ዲስክ እኔን ነበር የሚመስለው።

«የአዲስ አበባው ሰርግ እንደሚመጣ ልኮብሻል?» አልኳት።

«አልላከም።»

«እማማ ትርንጎስ?»

ወደ በሩ አየች። «እሳቸውማ ሁልጊዜ ይመጣሉ።»

«እና እንግዳው ማነው?»

ማውሱን ከእጄ ወሰደች። ያሳየኋትን አልረሳችም ኖሮ የደሳለኝን ሰርግ ራሷ ይዛ አዲሱ ዲስክ ላይ አስቀመጠችው። አሮጌው ላይ ያለውንም ተይው፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይኖራል አልኳት። ከዚያ የቋሪትን ሰርግ ወደዚያው አዛወረች፣ ከዚያ የደምበጫን። እያዛወረች ለእያንዳንዱ «ግቡ፣ ግቡ» ትላለች። የስንታየሁ ካርድም ተገልብጦ፣ እሱ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረረ።

እማማ ትርንጎ ሲደርሱ ቆሏቸውን ሳያፈሱ ተቀመጡ። ባንቻምላክ ከአዲሱ ዲስክ ላይ ከፈተችላቸው። ካባው ወረደ፣ ደሳለኝ ሳቀ።

«እስቲ መልሺልኝ» አሉ። ከዚያ፣ «ዛሬ ምነው ቶሎ መጣ? ወትሮ ትንሽ ያስጠብቀኝ ነበር።»

«ቤት ቀይረንለት ነው እማማ። አዲስ ቤት።»

ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ አሰቡበት። «ብቻውን ነው? ወይስ ሰው አለ?»

«ሰው አለ» አለች ባንቻምላክ። «የቋሪት ሰርግ ሁሉ አብሮት ነው።»

«እሰይ» አሉና ቆሏቸውን አፈሰሱ።

በማግሥቱ የሟቹ ባሏ ወንድም ከባሕር ዳር ሳይታሰብ መጣ። ባንቻምላክ ጓዳና ሳሎን ስትመላለስ ቆየችና ፊቴ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ማሻሸት ጀመረች።

«እታለም… እንግዳ መጥቶብኝ… እርስዎ ከእኔ ጋር ጓዳ ቢተኙ…»

ሐሳቧን ሳትቀይር ሻንጣዬን አንስቼ ገባሁ። ላስቲኩ አሁን በሰውዬው ሥር ይጮኻል። በበነጋው ሻይ ያመጣችልኝ እጀታው በተሰበረው ኩባያ ነው፤ የወርቁ ብርጭቆ ለሌላ ተይዟል። ሻዬን ሳልጨርስ ሰፌድ ሙሉ ምስር ጭኔ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዳው ሳይነሳ ይልቀሙልኝ» አለችና ወጣች።

ምስሩ ድንጋይ ይበዛዋል። ጮክ ብዬ አማረርኩ። ማንም መጥቶ አላባበለኝም።