አባ ወጥር የላላውን ድር በግርማቸው እንደ ወጠሩ

በዘመነ ሢመቱ ለአባ ወጥር፣ ፎርማንነትን በያዙ በሦስተኛው ዓመት፣ የአዳራሹን ቆርቆሮ ነፋስ ከገለበጠው በኋላ፣ የሻይ ክበቡ ቧንቧ ግን ከመጠገኑ በፊት፣ የሽመናው አዳራሽ ገዥ፣ የፈረቃዎች አዛዥ፣ የማሽኖች አስደንጋጭ የሆኑት እኚህ ሰው የፈጸሙት ጀብዱ ይህ ነው፤ ትውልድም እንዳይረሳው እነሆ ጻፍነው።

አባ ወጥር የሚለውን ስም ያወጡላቸው እናታቸው አይደሉም። ጠዋት ገብተው በማሽኖቹ መካከል ሲያልፉ፣ ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም፣ “ወጥር! ወጥሪ! ወጥሩ!” እያሉ ስለሚጮኹና ድር የሚወጠረው በጩኸት መሆኑን ያመኑ የመጀመሪያው ሰው ስለሆኑ ሠራተኛው የሰጣቸው የጦር ስም ነው። ሲሰሙትም ለክብራቸው የተባለ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ።

ሲወጡና ሲገቡ የሚያጅቧቸውም እነዚህ ነበሩ። በቀኝ ምክትላቸው፣ ጌታው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ራሱን መነቅነቅ ስለሚጀምር አዎንታ የተባለው፤ በግራ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም፣ ከእርሱ ቀድሞ የቁልፉ ዘለላ የሚሰማው፤ ከኋላ ባለ ዘይት ጣሳው፤ ከእርሱም ኋላ ሥራ የሌለው ሁሉ። ከሁሉ በላይ ግን ካፖርታቸው ነበር። ወፍራም፣ ረጅም፣ ኪሰ ብዙ ካፖርት ነው፤ ኪሶቹም በመፍቻ፣ በመዶሻ፣ በብሎንና ለምን እንደሚሆን በማይታወቅ ቁርጥራጭ ብረት የተሞሉ ናቸው። አባ ወጥር በእነዚህ መሣሪያዎች አንዳች ነገር ሲፈቱ ወይም ሲያጠብቁ የታዩበት ቀን የለም፤ ነገር ግን ሲራመዱ ይንቃጨላሉና ግርማ ይሰጧቸው ነበር። የቢሮአቸውም በር፣ ሕዝቡ ሁልጊዜ ያያቸው ዘንድ፣ ነፋስም እንዳያላጋው፣ በአንድ ከባድ ብረት ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውል ነበር።

ከበሩ አጠገብ ያለውን ማሽን የምትሠራ አንዲት ሸማኔ ነበረች። ባሏ የአዳራሹ መካኒክ ነበር፤ ማሽኗን ያስተካከለላት እርሱ ነው። ለማያውቅ እንንገር፦ ድር የሚባሉት ረጃጅሞቹ ክሮች ከማሽኑ ኋላ በትልቅ ጥቅል ላይ ተጠምጥመው ይቀመጣሉ፤ ጥቅሉ እንዳሻው እንዳይፈታ ገመድ አንገቱ ላይ ይዞራል፤ ገመዱን አንድ ዘንግ ይስበዋል፤ በዘንጉም ላይ ብረቶች ይንጠለጠላሉ። ብረቱ ሲበዛ ክሩ ይበጠሳል፤ ሲያንስ ድሩ ይረግባል፣ ጨርቁም ይሳሳል። የድር ውጥረት ምስጢሩ ይኸው ነው። መካኒኩ ለሚስቱ ማሽን ብረቶቹን አንድ በአንድ መርጦ ሰቅሎ ነበር፤ ለትልቁም ብረት ከሽቦ ጠምዝዞ እጀታ አበጅቶለት ነበር።

መካኒኩ በዝናቡ ወራት ታሞ ሞተ። ሸማኔዋ ጥቁር ለብሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ለሚጠይቋትም ሁሉ ደህና ነኝ ብላ ትመልስ ነበር። ዜና መዋዕሉም ከዚህ በላይ አይጠይቃትም።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ በማሽኗ ላይ ድንቅ ነገር ሆነ። ጠዋት የሚወጣው አንሶላ ጥቅጥቅ ያለና ያማረ፣ ከምሳ በኋላ የሚወጣው ግን የሳሳና የተንዘላዘለ ሆነ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሲያዩት ጠዋቱና ከሰዓቱ እንደ ሁለት አገር ድንበር ለይቶ ይታይ ነበር። ይህም በየቀኑ ሆነ።

አባ ወጥርም ነገሩን መረመሩ። ጠዋት ሲገቡ ካፖርታቸውን አውልቀው ከዚሁ ማሽን ኋላ፣ ብረቶቹ በተንጠለጠሉበት ዘንግ ላይ፣ ለልብስ መስቀያ ታስቦ ባዶ የተተወ በሚመስል ቦታ ሰቅለው በአዳራሹ ይውላሉ፤ በምሳ ሰዓት ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጣሉ፣ በግቢው እየተዘዋወሩም ያመሻሉ። ይህን ሁሉ ሲያሰላስሉ የደረሱበት እውነት ግን ሌላ ነበር፤ በአዋጅም አስነገሩት።

“ስሙ! ያልሰማ ከጎኑ ያለውን ይጠይቅ! እኔ እያለሁ ድሩ ቀጥ ይላል፤ ዘወር ስል ይረግባል። ይሄ ምንድነው? ግርማ ነው! ማሽን ሰው ያውቃል! እህታችን ግን፣ አይፈረድባትም፣ ሐዘንተኛ ናት። እኔ ሳያት እጇን ትሰበስባለች፤ ስወጣ ልቧ አብሮ ይወጣል። ሐዘን በእጅ በኩል አድርጎ ክር ውስጥ ይገባል። ይሄ የተጠና ነገር ነው!”

ማን እንዳጠናው አልተገለጠም። አዎንታ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለፈው ያገደመው ሁሉ ቆም እያለ የሸማኔዋን ፊት ያይ ጀመር። ያለቀሰች እንደሆነ፣ ያላለቀሰችም እንደሆነ፣ ሁለቱም ማስረጃ ሆኖባት ተቸገረች። ከማሽኑ ኋላ ዞሮ ብረቶቹን ያየ ግን አልነበረም። ብረት መንካት ለሸማኔ አልተፈቀደም፣ የመካኒክ ሥራ ነውና፤ በሟቹ ቦታም ሌላ መካኒክ ገና አልተቀጠረም። የአለቃን ካፖርት ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን የሚያይ ደፋርም አልተገኘም።

በእጅ መታጠቢያው ዘንድ ግን ሌላ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ያወጀችው ከጎኗ ያለውን ማሽን የምትሠራው፣ በአንደበቷ ስለት ምላጯ የተባለችው ናት።

“እናንተ ሴቶች፣ ስሙኝማ! ሐዘን ጨርቅ የሚያሳሳ ቢሆን እኔ ያን ባሌን ካገባሁ ጀምሮ ወንፊት ስሸምን በኖርኩ! ሰውየው ምን ነክቶት ነው? አንቺም እቴ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም አትበይው። ምነው፣ እጅሽ ከትናንት ወዲያ የተሰጠሽ አስመሰልሽው እኮ!”

ሸማኔዋ እጇን ታጥባ አደራረቀችና ወጣች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ፣ መወርወሪያው ሲመላለስ፣ እሷ ድሩን ትታ የገዛ እጆቿን ታይ ጀመር። እውነት ይሆን እንዴ ብላ ነበር።

አባ ወጥርም በረገበው ድር ላይ ዘመቱ። የመጀመሪያው ዘመቻ በእርጥበት ላይ ሆነ፤ መስኮቶች ሁሉ ይዘጉ ተብሎ ተዘጉ፣ ሠራተኛውም በላብ ተጠመቀ፣ ድሩም ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ረገበ። ሁለተኛው ዘመቻ በገመዱ ላይ ሆነ። ገመዱ ደርቆ ይሆናል ብለው ባለ ዘይት ጣሳውን ጠሩት፤ እርሱም ገመዱን እንደ ንጉሥ ራስ ቀባው። የተቀባው ገመድም ጥቅሉን መያዝ ተወ፤ ጥቅሉ ልጓሙ እንደ ወለቀ ፈረስ ፈረጠጠ፤ ድሩ ተዘርግፎ መሬት ወረደ፣ ክሩም እንደ ተበተነ ጠጉር ተወሳሰበ። ሸማኔዋ ያን ውስብስብ ፈትታ፣ የተበጠሰውን እየቀጠለች፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ዋለች። ገመዱ በአዲስ ተለወጠ። የጥፋቱም ምክንያት ተመርምሮ የእሷ ሐዘን ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ አባ ወጥር የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ።

“ነገ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥተው ያያሉ! እኔ ከጠዋት ጀምሬ ከዚህ ማሽን ንቅንቅ አልልም፤ እኔ በቆምኩበት ድሩ ሲላላ ያየ ካለ ስሜን ይቀይርልኝ! ይሄ ከታየ በኋላ እህታችን ጥራጊ ክር መልቀሚያ ትገባለች። እዚያ የሚላላም የሚወጠርም የለም፤ ለራሷም እረፍት ነው!”

ጥራጊ ክር መልቀሚያ የሚባለው ከግቢው ዳር ያለ መስኮት አልባ ክፍል ነው፤ እዚያ ገብቶ ወደ ማሽን የተመለሰ ሸማኔ የለም። ሸማኔዋ የፈራችው ግን ክፍሉን አልነበረም። ባሏ ያስተካከለው ማሽን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥባት ነበር የፈራችው።

ያቺ ዕለት ደረሰች። ለሥራ አስኪያጁ ወንበር ቀረበ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም ቁልፎቹን እንዳይንቃጨሉ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ፤ ሥራ የሌለውም ሁሉ ተሰበሰበ። አባ ወጥር ለክብሩ ቀን ብለው ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቀረቡ። ካፖርታቸውን ግን ባለቤታቸው፣ በሰው ፊት በዚህ እድፍ አትቆምም ብለው ማታውኑ ነክረውት ነበር።

ማሽኑ ተነሣ። ድሩ ከመጀመሪያው ረገበ።

አባ ወጥር ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ ድሩ እንደ ረገበ ነው። ወደ ግራ ዞረው ቆሙ፤ ምናልባት በዚያ በኩል አላያቸው ይሆናልና። እጃቸውን በማሽኑ ትከሻ ላይ አኖሩ። ከዚያም የታወቁበትን ጩኸት ጮኹ፤ “ወጥር!” አሉ፤ ጣሪያው መለሰላቸው እንጂ ድሩ አልመለሰም። ጨርቁም እየሳሳ፣ እየሳሳ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። አዎንታ፣ ምን ላይ መነቅነቅ እንዳለበት ስላልገባው፣ አንገቱን እንዳቀና ቀረ። ሸማኔዋ ከፊት ቆማ የተወሳሰበውን ክር ትለያለች።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የአባ ወጥር ባለቤት በትልቅ ፌስታል ካፖርቱን ተሸክመው፣ እያለከለኩ፣ በበሩ ገቡ። የእሳቸውም አዋጅ ከማሽኖቹ ድምፅ በላይ ተሰማ።

“እንዴት ዋላችሁ! አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ካፖርት ነው ጋራዥ? መፍቻ ከኪስህ ሳወጣ፣ መልሼ ስከት እጄ ዛለ። ምስማር ምታልኝ ስልህ መዶሻ የለኝም ትለኛለህ፣ ይኸው ሁለት መዶሻ ይዘህ ትዞራለህ! በደንብ አልደረቀም፣ አሁን እንዳትለብሰው፤ ብርድ መቶህ የማስታምምህ እኔው ነኝ!”

አባ ወጥር ከድሩ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ ከተለመደው ቦታ እንዲሰቀል በጣታቸው አመለከቱ። ባለቤታቸው ከማሽኑ ኋላ ዞረው ሰቀሉት። ገመዱ ጥቅሉን ነከሰው። ድሩ ተነሥቶ ቀጥ አለ፤ የማሽኑ ድምፅ ከእንግልት ወደ ምት ተመለሰ፤ ጨርቁም ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣ ጀመር።

አባ ወጥር ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ “አያችሁ! ታዘዘኝ!” ሲሉ አወጁ።

ባለቤታቸው ግን በዚያው ቅጽበት ዘንጉ ላይ ዘይት አዩና፣ ገና አሁን አጥቤው ብለው ጮኸው ካፖርቱን አነሡት። ድሩ ረገበ። የባላቸው እጅ ገና አልወረደም ነበር። ሴትዮዋ ዘይቱን በፌስታሉ ጠርገው መልሰው ሰቀሉት። ድሩ ተወጠረ። እጅጌውን ዘይት እንዳልነካው አገላብጠው ሊያዩ ደግመው አነሡት። ረገበ። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ጊዜ የሚያየው ካፖርቱን ነው፤ አባ ወጥር ብቻ ለካፖርቱ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን እንደ ዘረጉ ነበሩ። ምላጯ ማሽኗን አቁማ፣ “ኧረ ደግመው ይስቀሉት እትዬ፣ አይተን አልጠገብንም!” ስትል ለሕዝቡ ሁሉ አወጀች።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሥተው ከማሽኑ ኋላ ዞሩ። ብረቶቹ እንደ ተንጠለጠሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን፣ ካፖርቱ በሚሰቀልበት ቦታ፣ የትልቁ ብረት ሥፍራ ባዶ ነው። የት እንደ ሄደ አዎንታን ጠየቁት። አዎንታም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አልነቀነቀም፤ ቀስ ብሎ ወደ ቢሮው በር ዞረ። ሁሉም ዞሩ። መካኒኩ በሞተ ሳምንት፣ ሸማኔዋ በሐዘን ቤት ሳለች፣ አባ ወጥር በራቸውን የሚደግፉበት አጥተው በእጃቸው ቅርብ የሆነውን ብረት ከዘንጉ አንሥተው ወስደው ነበር። ባዶ የሆነውንም ቦታ፣ ባዶ መሆኑን ሲያዩ፣ ካፖርታቸውን ሰቀሉበት።

ሸማኔዋ ማሽኑን አቆመች። በሰው መካከል አልፋ ወደ በሩ ሄደች፣ ጎንበስ ብላም ብረቱን አነሣችው። የሽቦው እጀታ እንዳለ ነበር፤ ትንሽ ይዛው ቆመች። ለሥራ አስኪያጁ፣ ለአባ ወጥርም፣ ለአዳራሹም በሙሉ ያወጀችው አዋጅ ከሁሉ አዋጅ ያጠረ ነው።

“ይሄን ወስጃለሁ።”

በሩ ከኋላዋ ድው ብሎ ተዘጋ። እሷ ብረቱን በቦታው ሰቀለች፣ ማሽኑንም አስነሣች። ድሩ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ስለ ጥራጊ ክር መልቀሚያውም ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም።

አባ ወጥር ግን በዝምታ የሚሸነፉ ጀግና አይደሉም። ወዲያው በእርጥብ ካፖርታቸው ተጀቡነው አወጁ።

“ከዛሬ ጀምሮ ማሽን ላይ ልብስ መስቀል ክልክል ነው! ማንም ይሁን ማን! ይሄን ስህተት ደርሼበት ያጋለጥኩት እኔ ነኝ፤ ልፈትናችሁ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት!”

አዎንታም ራሱን ነቀነቀ፤ ዓለም ወደ ሥርዓቷ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት የሚወጣውና ከምሳ በኋላ የሚወጣው ጨርቅ አንድ ሆነ፤ አባ ወጥር ቢኖሩም፣ ባይኖሩም። ሸማኔዋ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ሐዘኗም እንደ ነበረ ነው። ድሩ ግን አልላላም።

እንግዲህ ክብር ለአባ ወጥር! ጠላት በሌለበት ለዘመቱ፣ ጠላት ሲገኝም በኪሳቸው ተሸክመውት ለተገኙ፤ ገመድ ቀብተው ላነገሡ፣ በጩኸት ለወጠሩ፣ የሰው ሐዘን መዝነው ብረት ለረሱ፤ በሁለት መዶሻ አንድ ምስማር ሳይመቱ ለጸኑ! ዝናቸው ከአዳራሽ እስከ ሻይ ክበብ ይሰማ። ዛሬም በወጡና በገቡ ቁጥር፣ የሚደገፍበት ብረት የሌለው በራቸው እንደ መድፍ ይተኮስላቸዋል፤ አዳራሹም ሁሉ ደንግጦ ዞር ይላል። ሸማኔዋ ብቻ አትዞርም፤ ዓይኗ ከድሩ ላይ ነው።